የቢቸናው በግ በጸደንያ ልደት

መሪጌታ ገብረ ሕይወት ሞጣ መናኸሪያ ወርደው በጋቸው ከመኪናው ጣሪያ እስኪወርድላቸው ቆመው ሳለ፣ ነጭ ጋውን በክንዷ ላይ የጣለች ሴት ዓይኗን ጨፈን ገለጥ እያደረገች ስታልፍ አዩ። ልብ ብለው ቢመለከቱ የገዛ ልጃቸው ናት።

«ብሩክቴ! ተኝተሽ ነው የምትሄጅ?»

ብሩክታይት ደንግጣ ቆመች፤ ጎንበስ ብላም ጉልበታቸውን ሳመች። ነርስ ናት፤ ከጤና ጣቢያ ተረኛ ሆና አድራ ወደ ቤቷ መመለሷ ነበር።

«አባባ! ነገ የሚመጡ መስሎኝ ነበርኮ።»

«ለድግስ በዋዜማው ያልደረሰ ምኑን አያት ሆነ? ይልቅ ይህን በግ ተመልከችው። ላቱን እይው! ለጸደንያ ልደት ብዬ ከራሴ ደጅ የመረጥኩት ነው።»

ብሩክታይት በጉን አየችው፤ በጉም አያት። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደ ደከመው ለመለየት ያስቸግር ነበር።

«አይታረድም፣ አባባ» አለች ቀስ ብላ።

መሪጌታ በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም። ቢቸና ውስጥ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፊት ለፊት «አይሆንም» ያላቸው ሰው ብዙ የለም።

«ዘንድሮ ሥጋ የለም። የሚመጡት ልጆች ብቻ ናቸው፤ የሚበሉትም ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ነው። ከሰዓት በኋላ መጥተው ተጫውተው ሳይመሽ ይሄዳሉ።»

«ቆሎ? እኔ የሞትኩ መሰለሽ እንዴ! አምና የበላ ጎረቤት ዘንድሮ ሳይጠራ ሲቀር ‹ቸግሯቸዋል› አይልም?»

«ቢልም አልዋሸ። ባሌ ሐብታሙም እኔም የምንኖር በደመወዝ ነው። ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያለቀው ጉልበቴ ነው፣ አባባ።»

በጉን እየጎተቱ ወደ ቤት አቀኑ።

የልጅ ልደት ማክበር ወደ ሀገራችን ከተሞች የገባው በቅርብ ጊዜ ነው። ስንቀበለው ግን የክርስትና ድግስ ልብስ አለበስነው፤ አዋቂው ቤቱን ይሞላል፣ ባለ ልደቱ ልጅ ውጭ ተጫወት ይባላል። ሞጣ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ፣ ሥጋ የሚያቀርብ ሰው በሁለት እጅ ያሳርዳል፣ በሁለት ድስት ይሠራል፣ በሁለት ክፍል ያስተናግዳል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው፤ ክብደቱን የሚያውቀው ድስቱን የሚያጥበው ሰው ብቻ ነው።

«የአምናውን ያስታውሳሉ?» አለች ብሩክታይት።

«እንዴት እረሳዋለሁ! ጥብሱ፣ ጠላው፣ ጨዋታው!»

«ጸደንያ ዳቦዋን ስትቆርስስ ያስታውሳሉ?»

መሪጌታ አሰቡ። ጥቂት ከተራመዱ በኋላም እንደገና አሰቡ።

«እሱን እንኳ አላየሁም መሰል።»

«አልቆረሰችም። እንግዳ ስናስተናግድ መሸና ከነአዲስ ልብሷ እንቅልፍ ወሰዳት። ዳቦውን አጎቷ ቆረሰው።»

«ይህማ የአደጋገሱ ጉድለት ነው እንጂ የበጉ ጥፋት አይደለም። ዘንድሮ አጋዥ ይጠራ።»

«አጋዡም ይበላል፣ አባባ። ለአጋዡ ሌላ አጋዥ ልጠራ ነው?»

ፈገግ አሉ፤ ግን አልተረቱም።

ግቢው በር ላይ ጎረቤቷ ዑሙሰልማ የጨርቅ ሱቋን ስትከፍት አገኟት።

«መሪጌታ፣ እንኳን ደህና መጡ! ይህ ደግሞ ማነው?»

«የልደቱ በግ ነው። እኔና ልጄ በእሱ ላይ ክርክር ገጥመናል።»

«እውነቷን ነው! እኔስ ብሆን ለልጄ ለዘሚራ ልደት የእናንተን ዶሮ የሚያርድ ክርስቲያን ፍለጋ ሰፈሩን ስዞር እውል የለ? ከእንግዲህ እኔም ትቸዋለሁ። የነገውን ዳቦ የምጋግረው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የእንግዳ ክብሩ የት ላይ ነው?» አሉ መሪጌታ።

ዑሙሰልማ መልስ ሳትሰጥ ጸደንያ ከቤት ሮጣ ወጣች። አያቷን ስማ ስታበቃ በጉን አቀፈችው፤ ከዚያ ፊቷ ቅጭም አለ።

«አባባ፣ ይታረዳል? ታዲያ ዘሚራ ሌላው ክፍል ልትሆን ነው?»

«እንደ አምናው ነዋ፣ ልጄ። ምን ችግር አለው?»

«አምናኮ ግድግዳውን እያንኳኳን ነው የተጫወትን። ብወጣ ወጥ ትደፊያለሽ ተባልኩ።»

መሪጌታ በእጃቸው ያለውን መቋሚያ ተመለከቱ። አምና ያ ኳኳታ ተሰምቷቸው ነበር፤ የአይጥ መስሏቸው አንዴ በመቋሚያቸው ግድግዳውን መትተውታል።

ወደ ቤት ገቡ። ብሩክታይት ውሃ ልታመጣላቸው ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ሄደው ቢያዩ በርጩማ ላይ ቁጭ እንዳለች ተኝታለች፤ ኩባያው በእጇ ነው፣ ውሃውም አልፈሰሰም። እንቅልፏ እንኳ እንግዳ ያስተናግድ ነበር። ኩባያውን ቀስ አድርገው ወሰዱ፣ ጋቢያቸውን አለበሷት፣ ተመልሰውም ወደ በሩ ወጡ።

«ዑሙሰልማ፣ ዳቦው ነገ በስንት ሰዓት ይደርሳል?»

«ለልጆቹ ነው ወይስ ለእርስዎ?»

«ለሁላችንም» አሉ።

በማግስቱ ልጆቹ መጡ። ጸደንያና ዘሚራ ቢላዋውን አንድ ላይ ይዘው ዳቦውን አጣመው ቆረሱት፤ ሁሉም ከአንድ ሰፌድ በላ። በጉ ዘይቱን ዛፍ ሥር ታስሮ፣ አንገቱ ላይ ፊኛ ተንጠልጥሎለት የሙዝ ልጣጭ ተቀበለ። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ ወላጆች ቁራሽ ዳቦ ቀምሰው፣ መርቀው ሄዱ። ቸገራቸው ያለ ቢኖርም መሪጌታ አልሰሙም፤ ልጃቸው ከልጆቹ መሐል ተቀምጣ ስትስቅ እየሰሙ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ሰው አይጠራ የሚለውን አይደለም። ድግሱ በዓሉ በተደረገለት ሰው ልክ ሲሆን የቤቱ ጓዳ አይራቆትም፣ እናት ለልጇ የሚተርፍ ጉልበት ይኖራታል፣ በሃይማኖት የተለያየ ጎረቤትም በአንድ ማዕድ ይቀመጣል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ መናኸሪያ ሲደርሱ የመኪናው ረዳት በጉን አወቀው።

«አባባ፣ ይህ ያኔ የጫንነው አይደለም? ድግሱ ቀረ እንዴ?»

«ኧረ አልቀረም!» አሉ መሪጌታ፣ ገመዱን እያቀበሉት። «እሱም ተጋብዞ ነበር፤ በልቶ ነው የሚመለስ።»