ማሟሟቂያ

ድሬዳዋ፣ በምሥራቅ ከፊል ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ ሜዳ በር ላይ፤ የወንዶችም የሴቶችም ፍጻሜ ነገ እሑድ ነው፤ የሴቶቹ ቡድን አምበል ነጂባ የሊጉን ጸሐፊና የቀድሞ አሠልጣኟን ጋሽ ከፈለኝን በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ፊት አቁማቸዋለች።

ነጂባ፦ ያንብቡልኝ ጋሼ። ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ አንቺ ማንበብ አቃተሽ እንዴ? ልቀቂኝ፣ ስብሰባ አለብኝ።

ነጂባ፦ አልለቅም። መነጽርዎን ያድርጉና ያንብቡ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ እሺ አቦ! «እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የወንዶች ታላቅ የፍጻሜ ጨዋታ።» ይኸው፣ አነበብኩ።

ነጂባ፦ ከሥሩስ? በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውስ?

ጋሽ ከፈለኝ፦ «ሰባት ሰዓት፣ ማሟሟቂያ፣ ሴቶች።»

ነጂባ፦ ማሟሟቂያ! እኛ የምንጫወተው ፍጻሜ አይደለም? ዓመቱን ሙሉ አሥራ አራት ጨዋታ የተጫወትነው ለማሟሟቂያ ነው?

ጋሽ ከፈለኝ፦ ቃል ነው እኮ። በቃል ማን ሞተ?

ነጂባ፦ በቃሉ ባይሞት በሰዓቱ ይሞታል። በድሬ ፀሐይ፣ በሰባት ሰዓት፣ ማን በርዶት ነው እኛ የምናሞቀው?

ጋሽ ከፈለኝ፦ ቀልደኛ ነሽ።

ነጂባ፦ አልቀለድኩም። ተናድጃለሁ!

ጋሽ ከፈለኝ፦ እኔ ላይ ምን አስጮኸሽ? የጻፈው ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ነጂባ፦ ጽሕፈት ቤት እጅ አለው? የእርስዎን «ሟ» አጣዋለሁ? ስድስት ዓመት ልምምድ ሰሌዳ ላይ ያነበብኩት ጽሑፍ ነው።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ... እሺ፣ እኔ ነኝ። የክብር እንግዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት። ማታ ደግሞ የራት ግብዣ አለባቸው። አንድ ሜዳ፣ ሁለት ፍጻሜ፤ ምን ላድርግ?

ነጂባ፦ እኛን አሥር ሰዓት፣ ወንዶቹን አሥራ ሁለት ሰዓት ያድርጉ። ሜዳው መብራት አለው። እንግዳው ትንሽ ቢያመሹ ምን ይሆናሉ?

ጋሽ ከፈለኝ፦ ራታቸውስ?

ነጂባ፦ የእንግዳው ራት ከሚቀዘቅዝ የሂክማ መዳፍ ይቃጠል?

ጋሽ ከፈለኝ፦ የቷ ሂክማ?

ነጂባ፦ የቷ ሂክማ ይላሉ! እውነትም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አምና በዚሁ ሰዓት ሲያጫውቱን ራሷን ስታ የወደቀችው ሂክማ! የጋለው ስሚንቶ መዳፏን ላጠው። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ መያዝ አቅቷት ሁለት ወር ሙሉ ቤቷ ተቀመጠች።

ጋሽ ከፈለኝ፦ አሁን ድና የለም እንዴ?

ነጂባ፦ ድናለች። ነገም አምስት ቁጥር ለብሳ ትገባለች። እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ ሄደው አልጠየቋትም።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ያን ያህል መጎዳቷን አልሰማሁም።

ነጂባ፦ መስማት ምን ያደርጋል? እዚያ ቆመው አይተዋል። ጥላው ሥር!

ጋሽ ከፈለኝ፦ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው እያየን ነው። ስሚኝ፣ የሴቶቹ ሊግ ገና ልጅ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ነጂባ፦ ስድስት ዓመት ቀስ አልን። እንቁላሉ ገማ ጋሼ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ የእናንተን ጨዋታ የሚያይ ሰው የለም! እውነቱን ልንገርሽ?

ነጂባ፦ በሰባት ሰዓት ማን ይምጣ? በዚያ ሰዓት የድሬ ፍየል እንኳ ከጥላ አትወጣም። ሰው በሌለበት ሰዓት ያስገቡንና ሰው የላችሁም ይሉናል!

ጋሽ ከፈለኝ፦ በቃ። ጨዋታችሁን ትጨርሳላችሁ፣ ትታጠባላችሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ልማዳችሁ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣችሁ የወንዶቹን ነጥብና ሰዓት ትይዛላችሁ። ለከርሞ እናስብበታለን። አንዳንዴ ዝም ማለት ጥሩ ነው። ዝም አይነቅዝም።

ነጂባ፦ እኛ ግን ነቀዝን! ወላሂ ነገ በሰባት ሰዓት አንገባም።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ፎርፌ እሰጥባችኋለሁ! ዋንጫውን ተጋጣሚዎቻችሁ ይወስዱታል።

ነጂባ፦ እነሱም አይገቡም። ትናንት ከአምበላቸው ከረድኤት ጋር ተነጋግረናል።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ተማክራችሁብኛል በይኛ! ምንም አታመጡም። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።

ነጂባ፦ ምን አሉ?

ጋሽ ከፈለኝ፦ ተረት ነው፣ አምልጦኝ ነው።

ነጂባ፦ አላመለጥዎትም። ልብዎ ውስጥ የነበረው ነው የወጣው። እንግዲህ ነገ በወንድ ይለቅ። የወንዶቹን ነጥብ ወንድ ይያዘው።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ነጂባ፦ ጠረጴዛው ላይ አንቀመጥም ማለቴ ነው።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ሰው አጣለሁ? ቅድስት ትይዝልኛለች።

ነጂባ፦ ቅድስት የኛ ዘጠኝ ቁጥር ናት።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ያቺ ቀጭኗ፣ ሰዓት የምትይዘዋ...

ነጂባ፦ ረድኤት ናት። የተጋጣሚያችን አምበል። አሁን ነገርኩዎት እኮ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ማንደፍሮ አለ! እሱ ወንድ ነው።

ነጂባ፦ ባለፈው የሦስት ነጥብ ኳስ ሁለት ብሎ የመዘገበው? ደጋፊው ተናዶ ሜዳውን በድንጋይ የሞላበት? ያስቀምጡት። የክብር እንግዳው ያኔ በደንብ ይሟሟቃሉ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ አንቺ ልጅ፣ ኳስ አያያዝ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ! በኔ ላይ?

ነጂባ፦ እርስዎ ነዎት። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው! ሌላ ሰው ቢጽፈው ቀድጄው እሄድ ነበር። «ኳስሽን ሲቀሙሽ ዝም ካልሽ፣ መጀመሪያም ያንቺ አልነበረችም» ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እዚሁ ሜዳ ላይ?

ጋሽ ከፈለኝ፦ ... ብዬሻለሁ።

ነጂባ፦ ታዲያ ይኸው፣ ዝም አላልኩም።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ኡፍ! እሺ። ሴቶች አሥር ሰዓት፣ ወንዶች አሥራ ሁለት። እንግዳውን እኔው ለምኜ አስመሻቸዋለሁ። እንኪ ማርከሩን፣ ሰርዢና አስተካክዪው።

ነጂባ፦ አልሰርዝም።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ደግሞ ምን ቀረሽ? ያልሽው ሆነልሽ አይደል?

ነጂባ፦ ሂክማ ለልምምድ እየመጣች ነው፣ ያችውና መንገዱን ስታቋርጥ። የጻፈው እጅ ይሰርዘው፤ እሷም ቆማ ትየው።