ግማሹ ለአባትሽ፣ ግማሹ ለበሬው

— ሄሎ!... መጣሁ፣ መጣሁ፣ እንዳትዘጊው!... እጄ እርጥብ ነው፣ ስልኩ እንዳያሟልጨኝ... ሄሎ? ናዮንግ? አንቺ ነሽ ልጄ?

— ደህና ነኝ። ድስት ጥጄ ነው እንጂ... ኦክቶፐስ።... የምን ምሳ! ለእኛ መሰለሽ? ለበሬው ነው! እሁድ ግጥሚያ አለበት አይደል? መላው የቾንግዶ ሰው በሬያችን ቾንዱንግ ከሌላ በሬ ጋር ሲዋጋ ሊያይ ነው። ጉልበት ይሰጠዋል ተብሎ እሱ ኦክቶፐስ ይበላል፣ በላዩ የሩዝ ጠላ ይጠጣል። እኔና አባትሽ የትናንት ሩዝ በቃሪያ።

— ምነው ድምፅሽ? ሥራ ላይ ነሽ?... እ... የአባትሽ እጅ ምርመራ ውጤት። አዎ፣ የበሬውን ቀንድ ሲሞርድ አውራ ጣቱን የቆረጠው። በጥጥ ጠርገሽ ዴጉ ወዳለው ላቦራቶሪሽ የወሰድሽው መግል... ምን ወጣ?

— የከብት?... እንዴት የከብት ጀርም ሰው ላይ ይወጣል?... ይወጣል። እሺ። ቆይ ልንገረው፣ ደጅ ነው ያለው።

— የናዮንግ አባት! ልጅህ ናት፣ ከላቦራቶሪ! እጅህ ላይ ያለው ጀርም ከከብት የመጣ ነው ትላለች!

— ሳቀ እኮ! "ከቾንዱንግ ነዋ የያዘኝ" ብሎ ይስቃል። ሽልማት የሰጡት ነው የመሰለው።

— እሺ፣ አልቀልድም። ቀጥዪ... ክሊኒኩ የሰጠው ክኒን ጀርሙን አይገድለውም?... ሌላውስ?... እሱም?... ወይ ጉድ። ከሞከራችሁት መድኃኒት ሁሉ የሚሠራው አንድ ብቻ ነው?... በመርፌ፣ ሆስፒታል ተኝቶ። ዛሬውኑ።

— እብጠቱማ... አልዋሽሽም። ጣቱ ላይ ነበር፣ አሁን አንጓውን አልፏል። ቀይ መስመር ወደ ክንዱ እየወጣ ነው። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይፈጃል፣ እሱ የአየሩ ሙቀት ነው ይላል።... ለምን አልነገርሽኝም አትበዪኝ! "ለልጅቷ ከነገርሽ በረት ሄጄ ነው የምተኛው" አለኛ።... ማስፈራሪያ መሰለሽ? ምኞቱ ነው!

— ክኒኑን? እንዴ፣ በደንብ ጨርሷል። ባዶውን ማሸጊያ በዓይኔ አይቻለሁ።... ልጠይቀው? ጥሩ።

— አንተ ሽማግሌ! ክኒንህን በሥነ ሥርዓት ውጠሃል ወይ ትላለች!... ምን?... ድገመው እስቲ?

— ናዮንግ... ቁጭ ብለሻል? ቁጭ በይ። እኔም ልቀመጥ።

— የጠዋት የጠዋቱ የሱ፣ የማታ የማታው የበሬው ነበር አለ።

— የበሬው ነው የምልሽ! ቾንዱንግ አንገቱ ላይ ካለፈው ግጥሚያ የቀረች ቁስል አለችው፣ እሷም መግል ይዛለች። የከብት ሐኪም ጠርቶ መርፌ ቢያስወጋው ከእሁዱ ግጥሚያ ይቀራል። ስለዚህ ክኒኑን ስኳር ድንች ውስጥ እየወሸቀ ሲያጎርሰው ከርሟል!... "እሱ እያመመው እኔ ብቻዬን መድኃኒት ብውጥ ነውር አይደለም?" ይለኛል። ነውር! እኔን ጥርሴን ሲያመኝ "በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ" ነው ያለኝ!

— ጆሮዬን፣ ጆሮዬን! አትጩኺብኝ፣ እኔ አይደለሁም ያበላሁት!... እያለቀስሽ ነው እየሳቅሽ?... ሁለቱንም። እኔም እንደዚያው ነኝ።

— እሺ፣ እሱን ልንገረው... ስማ! በሬህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ነው! አንዲት ክኒን ጀርሙን አትገድለውም፣ ከመድኃኒቱ ጋር ታለማምደዋለች እንጂ! አንተም ግማሽ ግማሹን እየዋጥክ ስታለማምደው ነው የከረምከው!

— ምን ቢል ጥሩ ነው? "ካልገደለችው ታዲያ ምን ጎዳች?" ይላል። ቆይ፣ የላቦራቶሪ ወሬ አይገባውም፣ በሚያውቀው ልምጣበት።

— የናዮንግ አባት! ቾንዱንግን ስታሰለጥነው መጀመሪያ ምን አስጎተትከው?... የመኪና ጎማ። ባዶውን። ከዚያስ?... አሸዋ የሞላበትን። ከዚያስ?... የከባድ መኪና ጎማ፣ ዳገት ላይ። ገና ጥጃ ሳለ ትልቁን ብትጭንበትስ ኖሮ?... ወገቡ ይሰበር ነበር! አዎ! ጀርሙንም እንደዚያው ነው ያሰለጠንከው! በአንድ ጊዜ ወገቡን መስበር ሲገባህ ትንሽ ትንሽ እያስጎተትክ! ይኸው አሁን ሻምፒዮን ሆኖ ክንድህ ላይ ወጣ!

— ሞረዱን አስቀመጠ።... ገባው መሰለኝ፣ ናዮንግ...

— አልገባውም። "እሁድን እናሳልፍና ሰኞ እሄዳለሁ" ይላል።... እጅህ ሊቆረጥ ይችላል አልኩት እኮ! "ሌላ አለኝ" አለኝ።... ደሙ ውስጥ ከገባስ?... አንተ! ደምህ ውስጥ ከገባ ይገድልሃል ትላለች!... ትከሻውን ነቀነቀ። በቃ፣ ትከሻውን!

— ናዮንግ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ስቀልድ ሰምተሽ ደህና ናት እንዳትዪ። ይሄን ሰውዬ ከዚህ በረት በምን ላውጣው?... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?

— ምን አልሽ? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ... ከሰው ወደ ከብትም ይተላለፋል?... በእጅ... እንግዲያ ያ የአንገቱ ቁስል አልድን ያለው... ውይ! ይሄን ልንገረው? ልቡ ይሰበራል እኮ።... እሺ።

— የናዮንግ አባት፣ እስቲ ወደዚህ ቅረብ። አልጮህብህም፣ ቅረብ። ስማኝ። በሽታው ከእሱ ወዳንተ ብቻ አይደለም የሚመጣው አለች። ካንተም ወደ እሱ ይሄዳል። ማታ ማታ በዚህ እጅህ ቁስሉን ስትዳብስለት፣ ጀርሙን መልሰህ የምትሰጠው አንተ ነህ። አንተ ካልዳንክ እሱም ላይድን ይችላል።

— አለሁ፣ አልተቋረጠም።... እጁን እያየ ነው።

— ቧንቧው ጋ ሄደ... በሳሙና እየታጠበ ነው! ናዮንግ፣ አንቺ ስትወለጂ እንኳ "ታጥቤያለሁ" ብሎ ዋሽቶ ነው ያቀፈሽ!

— ጫማውን እየፈለገ ነው።... ምን? እሺ፣ ለግጥሚያው አዘጋጆች እደውላለሁ።... "እሁድ አንመጣም በያቸው" አለኝ። በራሱ አፍ። የከብት ሐኪሙንም ጥሪልኝ አለ።

— አዎ፣ አምቡላንሱን ላኪው፣ ቶሎ ይምጣ፣ ሐሳቡን ሳይቀይር።... አይ፣ የሚቀይር አይመስለኝም። ብታዪው ታዝኛለሽ። በሬው አንገቱን ከበረት አውጥቶ ይጠራዋል፣ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩቁ ቆሟል። አንድ ሁለቴ ጠጋ ሊል ብሎ ተመለሰ።

— እኔም ልመረመር? ምኔን?... አፍንጫዬን? ጀርሙ እዚያ ይደበቃል?... እኔ በሬ ስሜ አላውቅም!... አባትሽንማ፣ እሱ የድሮ ታሪክ ነው። እሺ፣ እመጣለሁ።... የበሬውም አፍንጫ ይታያል? እሱን ሐኪሙ ይቻለው፣ እኔን እንዳትጠሩኝ።

— ቆይ፣ ከደጅ እየጠራኝ ነው... አቤት?... እኔ? ማታ ማታ በሬውን እኔ ነኝ የማክለት?!... ናዮንግ፣ እኔ እንዳክለት ይፈልጋል። ይቻላል?... ጓንት አድርጌ፣ ቁስሉ ጋ ሳልደርስ፣ ኋላም በሳሙና ታጥቤ። ደህና።... ሰማሁህ! አገጩ ሥር፣ በግራ በኩል!... ሌላ ደግሞ ምን?... "ካልዘፈንሽለት አይተኛም"?

— ናዮንግ! አባትሽ ለበሬው ይዘፍንለታል! ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር፣ አንድ ቀን ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። በሠርጋችን ቀን እንኳ ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ነው ያመለጠው!

— አላውቀውም አልኩህ፣ ዘፈኑን አላውቀውም! ካላሳየኸኝ እንዴት ልዝፈንለት?... እዚሁ አሳየኝ፣ ማን ያይሃል? እኔና በሬው ብቻ ነን።

— በቃ ልዝጋው ልጄ... ኋላ እደውላለሁ... ዝም በይ፣ ዝም በይ... ጀመረ።