የሃያ ስድስት ቀን ጥንቃቄ

ና ጀይሉ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በል። መንገዱ እንዴት ነበር? ከወሎ እስከዚህ ገንዳ ውሃ ድረስ ሠላሳ አጫጅ አሳፍሮ ሠላሳውንም ማድረስ ቀላል አይደለም። ስትወርዱ ቆጥሬያችኋለሁ። ኩብራ፣ ለልጁ ከርከዴ ቅጂለት፤ ለሰዎቹም።

እና ሰዎችህን ዘንድሮ ለማን ማሳ ልትሰጥ ነው አልኸኝ? … እሱ ጋ! ማሻአላህ። ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ፤ ወዲያኛው አግዳሚ ላይ ጀርባውን የሰጠን ሰውዬ እንዳይሰማን። አንዳንድ ሰው ሲመሰገን ይሽኮረመማል።

ለሠራተኛ እንደሱ የሚሳሳ ገበሬ አላየሁም። አንተ የኮሮና ዓመት አልመጣህም እንጂ ትመሰክር ነበር። አዋጁ ጸንቶ ሳለማ እንደማናችንም ነበር፤ ይጨብጣል፣ ያቅፋል፣ ጭንብሉ አገጩ ላይ ናት። የሰው ልክ የሚታወቀው ኋላ ነው። በጳጉሜ አዋጁ ሲነሣ፣ ሻይ ቤቱ ሲከፈት፣ አውቶብሱ ወንበሩን ሞልቶ መጫን ሲጀምር… እኛ ተዘናጋን። እሱ ያን ጊዜ ጥንቃቄ ጀመረ። ሰሊጡም፣ እንዳጋጣሚ፣ ያን ሰሞን ለአጨዳ ደረሰ።

መንግሥት ሁለት ሜትር ተራራቁ ብሎ ነበር አይደል? እሱ ሠላሳ አንድ ሠራተኞቹን ከከተማው አርባ ኪሎ ሜትር አራቃቸው። እርስ በርስ ግን መራራቅ ያስከፋል ብሎ ሠላሳ አንዱንም በአንድ ዳስ አስተኛቸው፣ በአንድ ጣሳ አጠጣቸው። አሥራ አራት ቀን ማንም ከማሳው አይወጣም አለ። መታወቂያቸውን እንኳ ሰብስቦ እሱ ነው የያዘላቸው፤ በላብ እንዳይበላሽባቸው… ማን እንዲህ ያስባል?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ አዲስ አጫጅ መጣ። «እንግዲህ ቆጠራው እንደገና ነው» አለ። አሥራ ሁለትና አሥራ አራት ስንት ይሆናል? ሃያ ስድስት። በሃያ ስድስተኛው ቀን የመጨረሻዋ ነዶ ቆመች፤ በሽታውም በዚያው ቀን ጠፋ። ሬዲዮው «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ሲል ይውል የለ? እሱ አሻሻለው፤ ሰሊጥ ረግፎ ከመማቀቅ።

እኛ ጋ እኮ የአጫጅ ዋጋ በየማለዳው ይጨምር ነበር። ሠራተኛው ዋጋ እየሰማ ከማሳ ማሳ ሲሮጥ የሱ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ዐረፉ። ትራክተር ነጂው ግን ከከተማ ይመላለስ ነበር፤ ባለማሳው ራሱም በየቀኑ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። በሽታው ባለመኪና አይደፍር ይሆን? እኔ ሐኪም አይደለሁም…

ሰውነት የሚባል የጎጃም ልጅ ነበረ አብሯቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እናትህ ዐረፈች የሚል መልእክት መጣበት። ልሂድ ቢል፣ «ሰባት ቀን ታገሥ፤ ለራስህ ብዬ ነው፣ እናትህን ታስይዛለህ» አለው። … ለሞተች እናት እንኳ የሚጠነቀቅ ሰው! ልጁ ለቀብሯ አልደረሰም፤ ለአርባዋ ግን ደርሷል፣ ምን ጎደለበት? ሥራም አላስታጎለም። እያጨደ ነው ያለቀሰው አሉ።

ሰዎችህን ለኔ ስጠኝ እንዳልሁህ አታስብ። ያን ዓመት እኔ ማሳ አርባ ሦስት ሰው ነበረ፤ አሥራ ሰባቱ የተሻለ ዋጋ ሰምተው ጥለውኝ ሄዱ፣ ስድስት ሄክታር ሰሊጤ መሬት ላይ ረገፈ። ጥንቃቄ አላውቅማ! ይችን አገር በአንድ ማጭድ ስገባ መሄድ የፈለገን ሰው እንዴት እንደሚይዙት ያስተማረኝ የለም። አንተም የፈለግኸው ጋ ውሰዳቸው፤ ብቻ ቃል ከመስጠትህ በፊት ሠላሳዎቹን አንዴ ጠይቃቸው… እናት ያለው ስንቱ ነው?

በል ዱዓ አድርገን እንነሣ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ማሳውን ያስፋለት። ትልቁ ልጁ ዘንድሮ ለሥራ ዐረብ አገር ሊሄድ ነው አሉ፤ ታናናሾቹም ይከተሉታል። አላህ በሄዱበት ሁሉ ልክ እንደ አባታቸው ያለ አሠሪ ይስጣቸው። አሚን በል እንጂ… ጮክ ብለህ።