በወንጌሉ መጨረሻ ቅጠል የተጻፈው ድንበር

ከቆሼ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከሳሽና ተከሳሽ ከፊቴ አብረው ተቀምጠዋል። ቄሱ የብራና ወንጌል፣ ሐጂው ምርኩዛቸውን ይዘው ለድንበር ክርክር መሬት ጽሕፈት ቤት መሄዳቸው ነው።

«መምሬ፣ የድሮው የመሬት ውል እውነት እዚህ ወንጌል ላይ ነው ያለው?»

«መጨረሻው ቅጠል ላይ። እስከ ዋርካው ድረስ የእርስዎ አያት መሬት ነው ይላል።»

«ታዲያ ለምን ዋርካው የቤተ ክርስቲያን ነው ብላችሁ ከሰሳችሁኝ?»

«ትናንት ነው ገልጬ ያየሁት።»

«ሰበካ ጉባኤውስ ምን አለ?»

«ቅጠሉን አይጥ በላው ይበሉ አሉኝ።»

«ሱብሃነላህ! አይጡ የእኔን ገጽ ብቻ መርጦ?»

«እሱንም ብያቸዋለሁ።»

«ቢያባርሩዎትስ?»

«እሁድ የማነበው ከዚሁ መጽሐፍ ነው፣ ሐጂ። ዋሽቼ በየትኛው አፌ?»

እኔም የሱቅ ጎረቤቴን ልከስበት በቅጡ ሳላነበው የያዝኩትን ውል ከኪሴ አውጥቼ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመርኩ።