የዓምሃ ስቅታና የሾዴ ውሸት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ታየች ብርሃኔ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ጥጥ ፈታይ
አድራሻ፦ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ በታች
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 13 ቀን 1972 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ሸማኔ ሾዴ ጫሌ የሥራ ባልደረባውን ዓምሃ ወልዱን አስደንግጦ ጉዳት አድርሷል ስለ መባሉ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ገለታ ቶለሳ

ተጎጂው ዓምሃ ወልዱ ሕጋዊ ባለቤቴ ነው። ተጠርጣሪውን ሾዴን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከዓምሃ ጋር በጓሯችን ባለው ዳስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሸማ መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በመካከላቸው ጠብ የለም። ከሥራችሁ ቀልዳችሁ በዛ እያልሁ ስቆጣቸው የኖርሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጥቅምት 9 ቀን ጠዋት ዓምሃ ከአልጋው ሲነሣ ማጅራቴን ይወጋኛል፣ ቤቱም ይዞርብኛል አለኝ። ወዲያው አስመለሰው። ሲራመድ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ግድግዳ እየያዘ ነው ጓሮ የደረሰው። ተኛ ብዬ ብለምነው እምቢ አለ፤ ግትር ነው። መወርወሪያውን ሲወረውር እጁ እየሳተ ድሩን በጠሰው። ይህ ሁሉ የሆነው ሾዴ ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ተለይቶ ይጻፍልኝ።

እኔ ምች መትቶታል ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ ግንባሩን አሸሁት፤ ምንም አልፈየደለትም። አራት ሰዓት ገደማ ስቅታ ያዘው። ስቅ ሲለው “ማን ነው የሚያነሣኝ” እያለ መሳቅ ልማዱ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ምላሱ ከብዶ የሚናገረው አልለይ አለኝ። ውሃ ባጠጣው በአፍንጫው ተመለሰ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ሾዴ ያለቀ ጋቢ ለነጋዴ አድርሶ የተመለሰው ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። ስቅታ የያዘውን ሰው ድንገት ዋሽተው ካስደነገጡት እንደሚለቀው ሁሉም ያውቃል፤ ቃሌን የሚጽፉት ሃምሳ አለቃም ያውቁታል። ልጅ ሲሆን ስኳር ሰርቀሃል ይባላል። ሾዴ ዓምሃ በስኳር አይደነግጥም ብሎ ይመስለኛል፣ በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ “ዓምሃ፣ አብዮት ጥበቃ ይፈልግሃል!” አለ። የደነገጥሁት እኔ ነኝ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ ይቀለዳል ወይ ብዬ ሾዴን ሰድቤዋለሁ። ስድቡ እዚህ መጻፍ የለበትም።

ዓምሃ ግን አልደነገጠም። በከበደ ምላሱ “ውሸቱን ነው፣ ከንፈሩን እዪው” አለኝ። ሾዴ ሊዋሽ ሲል ሳቁ ይቀድመዋል። ዓምሃ እየሳቀ ነጠላ ጫማውን ሊወረውርበት ብድግ አለ፤ ዞር ሲል ግራ እግሩ ከዳውና ወደቀ። መሬት ላይ ሆኖም ስቅታው አልተወውም። እንግዲህ ደንግጦ ቢሆን ኖሮ ስቅታው በለቀቀው ነበር። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በእውነትም በመንገዱ ሲያልፉ ኖሮ ስማቸው ሲጠራ ሰምተው ገቡ። በስማችን ያስፈራራው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሾዴ አልካደም። ይህን ሰው ታክሲ ድረስ ላድርሰው፣ ከዚያ እጄን ያዙኝ ብሎ ለመናቸውና ፈቀዱለት። ዓምሃን አዝሎ አዲሱ ገበያ አደረሰው፤ እነሱም ጠመንጃ ይዘው ከኋላው ተከተሉ። ታክሲው ውስጥ አስገብቶ ራሱን በጋቢ አስደግፎ ካስቀመጠው በኋላ ጓዶቹ ሾዴን ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዓምሃን በታክሲው የወሰድሁበት ሆስፒታል ሐኪም በማጅራት በኩል ወደ ኋለኛው አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር መደፈኑን አስረድተውኛል። ማዞሩም፣ ማዘንበሉም፣ ስቅታውም ራሱ በሽታው ነው፤ ከጠዋት የጀመረ እንጂ በድንጋጤ የመጣ አይደለም አሉኝ። ይድናል አላሉኝም፣ አይድንምም አላሉኝም። የቀበሌው ሰዎች ግን ባሌን ከወዲሁ ሟች እያሉት ነው። ባሌ አልሞተም። ከሞተ ሾዴ በነፍስ ይጠየቃል ሲሉ በመስማቴ ነው ማንም ሳይጠራኝ ወደ ጣቢያ የመጣሁት። አንዱ ታሞብኝ ሌላው በከንቱ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ዓምሃ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ዓይኑ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። ሾዴ የት ሄደ እያለ ይጠይቀኛል፤ መታሰሩን ደፍሬ ስለማልነግረው ገበያ ወጥቷል እለዋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላም አልጋው አጠገብ ቆሜ ትኩር ብሎ አየኝና፣ “ሁለት ሆናችሁ መጥታችሁ አንድ ሾዴን ማምጣት አቃታችሁ?” አለኝ። እፊቱ ሳቅሁለት፤ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስሁ። ዛሬም ልጠይቀው እሄዳለሁ። ሃምሳ አለቃ፣ ምን ልበለው?

ከላይ የሰፈረው ከአንደበቴ የወጣ ነው። ተነቦልኝ ሰምቼ፣ ያልሁት ሳይጎድል፣ ያላልሁትም ሳይጨመር መጻፉን አምኜ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ታየች ብርሃኔ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ገለታ ቶለሳ