የረድኤት በርገር

(ኮምቦልቻ፤ ከሰዓት በኋላ። ወይዘሮ ደብሪቱ ጓዳቸው ውስጥ ታጥቦ የነጣ የዶሮ ሥጋ በትሪ ይዘው ቆመዋል፤ ከዱባይ የተመለሰች ልጃቸው መሠለች በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው ባዶ ጠርሙስ ይዛለች።)

መሠለች፦ አጠብሽው? እማ፣ በሞቴ፣ አጠብሽው?

ደብሪቱ፦ እና ላጥበው ነዋ! የሞተር ዘይት የተደፋበት መስሎ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሎሚ ጨመቅሁበት፣ ጨው ነሰነስኩበት፣ ውሃው ኩልል እስኪል አለቀለቅሁት። እዪው እስኪ እንዴት እንደነጣ።

መሠለች፦ እድፍ አይደለም እኮ! ዘፍዝፌው ነው! ከጠዋት ጀምሮ በሶያ ሶስ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፌው ነበር። ዳቦ ገዝቼ እስክመለስ አጥበሽ ጠበቅሽኝ?

ደብሪቱ፦ ያልታጠበ ዶሮ ከእኔ ጓዳ ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬም አይወጣም። በዚህ ዕድሜዬ ስሜ በዶሮ ይጥፋ?

መሠለች፦ ያቺው አንድ ጠርሙስ ነበረች። ከዱባይ ድረስ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ያመጣኋት። ይኸው፣ ጠብታ የላትም።

ደብሪቱ፦ ከሱቅ ግዢያ! ሰው የሞተ አስመሰልሽው እኮ።

መሠለች፦ የትኛው ሱቅ? ባለፈው ብጠይቅ ባለሱቁ አቼቶ አወጣልኝ። ረድኤት ደግሞ አሁን ከትምህርት ቤት ትደርሳለች።

ደብሪቱ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ተይው፣ እሱ ሳይደግስ አይጣላም። ሽንኩርት አለ፣ በርበሬ አለ፣ ቅቤው አለ፤ ወጥ እናድርገውና... ኧረ ወዲያ! ይሄስ ለወጥም አይሆን! ብልቱ የታል? ፈረሰኛው የት ገባ? አጥንቱን ሁሉ ገፈሽ ጨርቅ አስመሰልሽው!

መሠለች፦ ይከተከታላ። በርገር ነው፣ እማ። ይከተከትና፣ ይድቦለቦልና፣ ተጠብሶ ዳቦ መሐል ይገባል።

ደብሪቱ፦ ዶሮ ተከትክቶ! ጉድ እኮ ነው። ዶሮ ማለት ድርሻ ነው፣ ልጄ። ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ቅልጥሙ ለልጅ፣ ሁሉም የራሱን አውቆ ያነሳል። ይሄ ተደባልቆ ሲያበቃ የማን ድርሻ የት እንዳለ በምን ይታወቃል?

መሠለች፦ በዚህ ቤትስ የማን ድርሻ የት እንዳለ በምን ይታወቃል?

ደብሪቱ፦ ጀመረሽ።

መሠለች፦ አልጀመርኩም። ዛሬ ልጨርሰው ነው። ልጄ ከእጄ ትበላለች፤ ከበላች በኋላ ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ።

ደብሪቱ፦ ቀስ በይ! "ልጄ" እያልሽ ትጮኺያለሽ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል።

መሠለች፦ ጎረቤቱማ ስወልዳት ገንፎ በልቷል! የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ደብሪቱ፦ እንዳታውቅ ያለው ማነው? ጡት አስጥለሽ ስታስታቅፊኝ ምን አልሽኝ? "እማ፣ አባቷ እንደሆነ ጥሎን ጠፍቷል፤ ያንቺ ልጅ ትባልና እኔም ተመልሼ ወግ ማዕረግ ልይ" አላልሽም? ያልሽኝን አደረግሁ። "እማዬ" አለችኝ፣ ወዬ አልኳት። አንቺን "እትዬ" በያት አልኳት፣ አለችሽ። ታላቅ እህቷ ሆንሽ፣ አበቃ።

መሠለች፦ ያኔ ልጅ ነበርኩ። የምለውን የማላውቅ።

ደብሪቱ፦ እኔ ደግሞ አርጅቼ ነበር። በዚህ ጉልበት እንደገና እናት መሆን ቀላል ይመስልሻል? ኩፍኝ ሲይዛት አዝዬ ያደርኩት እኔ። የመጀመሪያ ጥርሷ ሲወልቅ ጣራ ላይ የወረወርኩላት እኔ።

መሠለች፦ እኔም እኮ የሰው ልጅ ጥርስ ሲወልቅ ሳባብል ነው የኖርኩት! ዱባይ የቀጠረችኝ እመቤት ልጆች እናታቸውን ትተው እኔ ክፍል ነበር የሚተኙት። ይሄን በርገርም ለእነሱ ብዬ ነው የተማርኩት። ማሪቴስ የምትባል የፊሊፒንስ ልጅ አብራኝ ትሠራ ነበር። እሷ የአገሯን አሳየችኝ፣ እኔ ሚጥሚጣ ሰረቅ አድርጌ ጨመርኩበት። ልጆቹ ጣታቸውን ይልሱ ነበር።

ደብሪቱ፦ እሰይ። የሰው ልጅ ጠገበልሽ።

መሠለች፦ አሽሙሩን ተዪው። ረዲ በቪዲዮ ታየኝ የለ? "እትዬ፣ ለኔስ መቼ ነው የምትሠሪልኝ?" ትለኛለች። "ስመጣ" እላታለሁ፣ እስቅላታለሁ። ስልኩን እዘጋና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ለቅቄ አለቅሳለሁ። ውሃውን የምለቀው እንዳይሰሙኝ ነው።

ደብሪቱ፦ ይሄን አልነገርሽኝም።

መሠለች፦ ብነግርሽ ምን ታደርጊልኛለሽ?

ደብሪቱ፦ ምንም። ቢሆንም እናት ይነገራታል።... ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመጣሽ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ስንት ዶሮ ታረደ፣ ስንት ወጥ ተበላ፣ ይሄ በርገር ተነስቶም አያውቅ። ዛሬ ምን አቻኮለሽ?

መሠለች፦ ምንም። እንዲሁ አሰኘኝ።

ደብሪቱ፦ እንዲሁ?

መሠለች፦ እንዲሁ። ቢላውን አቀብዪኝ።

ደብሪቱ፦ ትናንት አልጋ ሥር ስጠርግ ሻንጣሽን ነካሁት። ባዶ ሻንጣ መጥረጊያ ሲነካው ይሸሻል። ያንቺ ንቅንቅ አላለም።

መሠለች፦ ቢላውን አቀብዪኝ አልኩ እኮ።

ደብሪቱ፦ መቼ ነው?

መሠለች፦ ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ አሉ። ምነው ባትጠይቂኝ?

ደብሪቱ፦ መሠለች። መቼ ነው?

መሠለች፦ ሐሙስ።

ደብሪቱ፦ የዚህ ሐሙስ? ከነገ ወዲያ?

መሠለች፦ እመቤቲቱ ደወለች። ልጆቹ አዲሷን ሠራተኛ እንቢ አሉ አለችኝ። ትንሹ አልበላም ብሎ ስሜን ይጠራል አለች። እማ፣ እዚያ ስሜን እየጠራ የሚያለቅስ አለ። እዚህ "እትዬ፣ ጨው አቀብዪኝ" ነው። እንግዳ ነኝ እኮ! አንቺ ብብት ሥር ገብታ ስትተኛ እኔ ግድግዳ አያለሁ። ጫማዋን ላስርላት ጎንበስ ስል እንኳ "እማዬ ታስርልኛለች" ትለኛለች።

ደብሪቱ፦ እና አብልተሽ፣ "እናትሽ ነኝ" ብለሽ፣ ሐሙስ ውልቅ? ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ፤ ልጅቷንም እንደዚያ?

መሠለች፦ ታዲያ ሳልነግራት ልሂድ? ሄጄ አንድ ነገር ብሆንስ? ሬሳዬ ሲመጣ "እትዬ" እያለች ታልቅስልኝ?

ደብሪቱ፦ አፍሽን ያዢ! ክፉ አትጥሪ በቤቴ!

መሠለች፦ እዚሁ ሠፈር ሣጥን መጥቶ የለም እንዴ? አብረን አላለቀስንም?

ደብሪቱ፦ አልቅሰናል። እሷም ቀሚሴን ይዛ ቆማ አይታለች።... መሠለች፣ ቢላውን አስቀምጪው።

መሠለች፦ ምነው?

ደብሪቱ፦ አስቀምጪው፤ የምነግርሽን ስትሰሚ ጣትሽን ትቆርጫለሽ። ረድኤት ታውቃለች።

መሠለች፦ ምኑን?

ደብሪቱ፦ እናቷ መሆንሽን። አንቺ ሳትመጪ ነው ያወቀችው። የሠፈር ልጅ ተጣልቷት ነገራት። መጥታ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ፣ መዋሸት አቃተኝ።

መሠለች፦ ታዲያ... ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን "እናቴ" አላለችኝም? ይህን ያህል ጠላችኝ?

ደብሪቱ፦ ብትጠላሽማ ቀላል ነበር። የመጣሽ ማታ ጆሮዬ ሥር ገብታ "እማዬ፣ እናቴ አልላትም" አለችኝ። ለምን ብላት፣ "ከክፍላችን ልጆች የሰሚራ እናት ዓረብ አገር ናት። የነቢዩም እናት ዓረብ አገር ናት። እናት የተባለ ሁሉ ይሄዳል። እትዬ ካልኳት ትቀመጣለች" አለች።

መሠለች፦ ወይኔ! ወይኔ ልጄ!

ደብሪቱ፦ አንድ ቀን ከደጅ እየሮጠች ስትገባ "እና..." ብላ ልትጠራሽ ጀመረች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። አንቺ ልብስ ታሰጪ ነበር፣ አልሰማሽም።

መሠለች፦ አንቺ ግን ሰማሽ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ሆድሽ ውስጥ ይዘሽ ተቀመጥሽ? እኔ ሳለቅስስ አትሰሚም ነበር?

ደብሪቱ፦ እሰማ ነበር። አልዋሽሽም፣ ዝም ማለቱ ለኔም ተመችቶኝ ነበር። አባትሽ ከሞተ፣ አንቺም ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት "እማዬ" ብሎ የሚጠራኝ ከእሷ ሌላ ማን ነበረኝ? ትወስጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።

መሠለች፦ ምን ልበልሽ፣ እማ? ልረግምሽ እንኳ አልችል፣ እናቴ ነሽ።

ደብሪቱ፦ ምንም አትበዪኝ። ይልቅ ይሄን እንጨርሰው፣ ልጅቷ ርቧት ነው የምትመጣው። ያ ጥቁሩ ውሃ ምን ምን ይል ነበር?

መሠለች፦ ጨው ጨው። ትንሽ ጣፈጥ ያለ። ምን ያደርጋል አሁን?

ደብሪቱ፦ አዋዜ አለኝ። በጠጅ የለወስኩት። ማር ጠብ እናድርግበት። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እንደገና ውቀጪ።

መሠለች፦ አዋዜ በበርገር? ማሪቴስ ብትሰማ!

ደብሪቱ፦ ማሪቴስ እንደኔ ያለ ዶሮ አጣቢ አልገጠማትም። እኔ አጥቤ አበላሸሁት፣ እኔው ላቅናው። ያንቺም የኔም እጅ ይግባበት።

መሠለች፦ እሺ። አንቺ በዚያኛው ቢላ ከትክቺ። ይድቀቅ እንጂ ሊጥ እንዳይሆን። እኔ ጥቅል ጎመኑንና ካሮቱን በአቼቶና በስኳር ልሸው።

ደብሪቱ፦ ጎመን በስኳር! ዝም ብዬአለሁ፣ ምንም አልተናገርኩም።... እዪው፣ ደቀቀ። አሁን እንደ ቂጣ ልጠፍጥፈው?

መሠለች፦ ከቂጣ ወፈር ይበል። እጅሽን ውሃ አስነኪው፣ እንዳይጣበቅብሽ። ሰሊጥ ነስንሺበትና ዘይቱ ላይ አስተኚው። አትነካኪው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገለበጠው።

ደብሪቱ፦ ሽታው እኮ ክፉ አይደለም። ማሩ ከዝንጅብሉ ጋር... ደህና ነገር ነው። ይሄን ስትሠሪላቸው ነው የኖርሽው?

መሠለች፦ ዓርብ ዓርብ። ሁልጊዜ አንዱን አስተርፌ አያለሁ። የማንም አይደለም እላለሁ፣ የረዲ ነው እላለሁ። ኋላ ውሻው ይበላዋል።... እማ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?

ደብሪቱ፦ ጭስ ነው እንዳልል ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው። ሽንኩርት ነው እንዳልል አልላጥንም። በምን ላመካኝ?

መሠለች፦ ዝም በይ፣ በሩ ተከፈተ። መጣች። እማ፣ አንቺ ውሰጂላት።

ደብሪቱ፦ እኔ? ቅድም ከእጄ ትብላ ስትዪ አልነበር?

መሠለች፦ ቅድም ማወቋን አላወቅኩም። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ አሁን በየትኛው ፊቴ ልቅረባት? ውሰጂላትና የምትለውን ንገሪኝ። ሐሙስ መሄዴን ግን አትንገሪያት፣ በእመብርሃን።

ደብሪቱ፦ አምጪ ሳህኑን። አንቺ እዚሁ ቁጭ በይ።

(ደብሪቱ ሳህኑን ይዘው ወጡ፤ ቆይተው ወደ ጓዳው ተመለሱ።)

መሠለች፦ ምነው ቆየሽ! ነፍሴ ልትወጣ እኮ ነው። በላች?

ደብሪቱ፦ በላች። ዓይኗን እየጠረገች በላች።

መሠለች፦ አዋዜው በዛ! ፈርቼ ነበር እኮ!

ደብሪቱ፦ አዋዜው አይደለም። ግማሹ ላይ ስትደርስ ቆመችና "ወረቀት ስጪኝ" አለች። ዳቦው የመጣበትን ሰጠኋት። የቀረውን ጥቅልል አደረገችው።

መሠለች፦ አልጣፈጣትም ማለት ነው። አዛኝ ናት፣ እንዳልከፋ ብላ ነው።

ደብሪቱ፦ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። "ለማታ ነው?" ብላት "አይደለም" አለች። ልጄ፣ ሻንጣውን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ኳሷ አልጋ ሥር ገብታባት ስትጎትት እሷም አይታዋለች።

መሠለች፦ ምን አለችሽ? እማ፣ ንገሪኝ!

ደብሪቱ፦ "ይሄ የእናቴ ስንቅ ነው፤ መንገድ ላይ ይርባታል" አለችኝ። እንኪ፣ አሁንም ትኩስ ነው።

መሠለች፦ ስንቅማ ለመንገደኛ ነው፣ እማ። እኔን የራበኝ አሁን ነው፤ ወጥቼ አብሬያት ልብላው።