ምድር ቤት የፈለቀው ውሃ

ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት አሮጊትና ምራታቸው ተቀምጠዋል። ምራትየዋ ያቀፈችውን ሕፃን ሳሉ አልለቀው ብሏል።

“እማየ፣ ስንመለስ ውሃው በቦይ ይውጣ። የምድር ቤቱ ግድግዳ ሻግቷል፤ ሽታው በወለሉ ዘልቆ መኝታችን ደርሷል።”

“ጠበል በቦይ አይደፋም።”

“ጠበል ነው ያለ ማነው?”

“እኔ ነኛ! በማርያም ዕለት ነው የፈለቀ። ሰው ከየት ከየት መጥቶ ይቀዳል።”

“ከብቶቹን ከእርጥበቱ አስወጥተን፣ ልጄን ከላዩ እናስተኛለን። ሐኪሙ ምን እንዳለ ሰምተዋል።”

“ይድናል ብየ አይደል የማጠጣው?”

“ከዚያው ውሃ!”

“ዝም በይ እታለም፣ ትቀሰፊያለሽ።”

“ልቀሰፍ። ትናንት ጎረቤታችን ሳያዩኝ፣ ከበላያችን የዘረጉትን ቧንቧ ከመነሻው ዘጋሁት።”

“እና?”

“ዛሬ ጠዋት ምድር ቤቱን ወርጄ ባየው፣ ምንጩ ቆሟል።”

አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ለማን ነገርሽ?”

“ለማንም።”

“እንግዲያ ቦዩም ይቆፈር፣ ግድግዳውም ተፍቆ ኖራ ይቀባ። ሰው ሲጠይቅሽ ግን ጠበሉ ተሰወረ በይ።”

“ቧንቧው ሲከፈትስ እማየ? ተመልሶ ተገለጠ ልበል?”

ሕፃኑ እንደገና ሳለ።

ለታመመች እህቴ ከዚያው ምድር ቤት ያስቀዳሁትን ጠርሙስ ከእቅፌ አንስቼ፣ ቀስ ብየ እግሬ ሥር አስቀመጥሁት።